የአንድ ዓመት ጋላቢ

ብሩስ ሆብስ በፈረስ ግልቢያ ታሪክ ስሙ የሚነሣው በአንድ ዓመት ሥራ ነው። በ1938 ገና 17 ዓመት ከ3 ወር እንደ ሆነው፣ ሊቨርፑል ጥግ ባለው የኤይንትሪ ሜዳ ግራንድ ናሽናል የተባለውን የእንግሊዝ ታላቅ የመሰናክል ግልቢያ አሸነፈ። በዚያው ዓመት የዌልስንና የአሜሪካን ታላላቅ የመሰናክል ውድድሮች ደረበበት። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ከፈረስ ወድቆ የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ። አገግሞ ሲነሣ ጦርነት ጠበቀው፤ የጋላቢነት ዘመኑም በዚሁ አከተመ ለማለት ይቻላል። ሌሎች ሙያውን ገና በሚጀምሩበት ዕድሜ እሱ ጨርሶት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የፈረስ እሽቅድምድም በብሪታንያና በአየርላንድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምንም ነገር ባልቆመበት ለጥ ያለ ሜዳ የሚካሄደው ሲሆን፣ ፈረሶቹ ገና በሁለት ዓመታቸው ይጀምሩታል፤ ጋላቢዎቹም አጫጭርና ቀላል ሰዎች ናቸው። ገንዘቡም ክብሩም በብዛት ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው የመሰናክል ግልቢያ ነው። በዚህኛው ርቀቱ ይረዝማል፣ ፈረሶቹም ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ፈረስ ሲያሸንፍ የሚገርመው የለም። ጋላቢዎቹ ከበድ ሊሉ ይችላሉ፤ ረጃጅሞችም አይጠፉባቸውም። መሰናክሉም ሁለት ደረጃ አለው። ቀላሉ ተገፍቶ ሊወድቅ የሚችል፣ ቁመቱም ቢያንስ 1.07 ሜትር የሆነ አጥር ነው። ከባዱ ከ1.37 ሜትር የማያንስ፣ በቅርንጫፍ የተጠቀጠቀ ድፍን አጥር ሲሆን፣ ከአንዳንዱ ፊት ቦይ ይቆፈርለታል።

ከባዱ ዓይነት የጀመረው አየርላንድ ውስጥ ነው ይባላል። በ1752 ኮርክ በተባለው አውራጃ ኮርኔሊየስ ኦካላሃንና ኤድመንድ ብሌክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ተወራርደው፣ ከበትቫንት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዶነሬል ቤተ ክርስቲያን ድረስ ፈረሶቻቸውን ጋለቡ። በመካከሉ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ የሚታያቸው የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ብቻ ነው። የድንጋይ ካቡን፣ ቦዩን፣ የቁጥቋጦ አጥሩን እያዘለሉ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል በቀጥታ ሄዱ። ቀበሮ እያሳደዱ ማደን ልማዳቸው ለሆነ ባላባቶች ይህ አዲስ ጨዋታ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ መድረሱ መቆጠሩ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጨዋታው ወደ ታጠረ ሜዳ ገባ፤ ተመልካች በገንዘቡ የሚገባበት፣ ውርርድ የሚደራበት ሆነ።

ከነዚህ ሜዳዎች ስሙ የገነነው ኤይንትሪ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያ ግራንድ ናሽናል ብለው የሚቆጥሩት የ1839ኙን ውድድር ሲሆን፣ ያሸነፈው ሎተሪ የሚባል ፈረስ ነበር። በዚያው ቀን ማርቲን ቤቸር የተባለ ሻምበል ከፈረሱ ተስፈንጥሮ ቦይ ውስጥ ስለወደቀ፣ መሰናክሉ እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠራል። ፈረሶቹ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ይዞሩና 30 ጊዜ ይዘላሉ። በሆብስ ዘመን ርቀቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ገደማ ነበር። የኤይንትሪ ክፋት በአጥሮቹ ቁመት ብቻ አልነበረም። እንደ ቤቸር ባሉት መሰናክሎች ፈረሱ የሚያርፍበት መሬት ከተነሣበት ዝቅ ይላል፤ ፈረሱ እግሩን ሲዘረጋ መሬቱን በጠበቀው ቦታ አያገኘውም። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜ አጥሮች እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው የቆሙ ነበሩ። ፈረሱ የት ላይ መነሣት እንዳለበት እንዲያይ የፊት ለፊታቸው ዘንበል እንዲል የተደረገው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1961 ነው። ከመጨረሻው መሰናክል በኋላም ወደ አራት መቶ ሃምሳ ሜትር የሚሆን ባዶ ሜዳ አለ። ብዙ ፈረስ አሸነፈ ከተባለ በኋላ እዚያ ላይ ተሸንፏል።

ሆብስ ለዚህ ነገር የተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባቱ ሬጅ ሆብስ እንግሊዛዊ የፈረስ ባለሙያ ሲሆን፣ አምብሮዝ ክላርክ ለተባሉ አሜሪካዊ ባለጸጋ ይሠራ ነበር። የክላርክ ቤተሰብ ሀብት የመጣው ሲንጀር ከተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። በአባቱ ሥራ ምክንያት ብሩስ በዲሴምበር 1920 የተወለደው ኒው ዮርክ አጠገብ በሚገኘው ሎንግ አይላንድ ላይ ነው። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ የተመለሰው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ነበር። ብሩስ በእግሩ መሮጥ ሲጀምር አካባቢ ኮርቻ ላይ ወጣ፤ ልጅነቱንም ቀበሮ አዳኞችን እየተከተለ፣ በድንክ ፈረስ ውድድሮች እየተሳተፈ አሳለፈ። አባቱ በኋላ በርክሸር ውስጥ ላምቦርን በተባለችው መንደር የራሱን የማሠልጠኛ በረት ከፈተ። ላምቦርን ከጥንት ጀምሮ የእሽቅድምድም ፈረሶች መንደር ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት ሣር የለበሱ ኮረብቶች ውኃ ስለማያቁሩ ፈረስን ክረምት ከበጋ ለማስሮጥ ይመቻሉ።

ሬጅ ሆብስ ለልጁ የዋህ አባት አልነበረም። በረቱ ውስጥ ልጅ ተብሎ የሚቀርለት ሥራ የለም። ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ በረት ይጠርጋል፣ አስቸጋሪ የሆነውን ፈረስ ይጋልባል። ይህ ትምህርት ሌላው ጋላቢ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው የሚደርስበትን ብልሃት ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ አስገኘለት። አንድ ነገር ግን ከአባቱም ከራሱም አቅም በላይ ነበር፤ ልጁ እየረዘመ ሄደ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ አልፎ ነበር። ለጋላቢ ይህ መጥፎ ዜና ነው። ሰውነቱ ሲሞላ ክብደቱ ከሚፈቀደው እንደሚያልፍ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ውድቀትና ጦርነት ባይመጡም ዘመኑ አጭር መሆኑ አይቀርም ነበር።

ሆብስን ያስጠራው ፈረስ ደግሞ የሱ ተቃራኒ ነው። ባትልሺፕ ትንሽ ፈረስ ነበር፤ ትከሻው ላይ ሲለካ ቁመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ አይሞላም፤ አንገቱም አጭር ነው። በ1927 በአሜሪካ ተወለደ። አባቱ ከሃያ አንድ ውድድር ሃያውን ያሸነፈው ታላቁ ማን ኦ ዎር ነው። ከማን ኦ ዎር ዘር የሚወለድ ውርንጭላ ለጥ ባለ ሜዳ እንዲሮጥ እንጂ አጥር እንዲዘል ማንም አይመኝለትም። ባትልሺፕም ሥራውን በለጥ ሜዳ ጀምሮ፣ እግሩ ሲያስቸግረው ማሪዮን ዱፖንት ስኮት ገዙት። ወይዘሮ ስኮት ከታወቀው የዱፖንት የባሩድና የኬሚካል ኩባንያ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በፈረስ ዕውቀታቸውም የሚከበሩ ሴት ናቸው። በ1938 ባለቤታቸው የካውቦይ ፊልሞች ተዋናይ የነበረው ራንዶልፍ ስኮት ነው። መኖሪያቸውም ሞንትፔሊየር ይባላል፤ የአሜሪካ አራተኛ ፕሬዚዳንት የጄምስ ማዲሰን ቤት የነበረ በቨርጂኒያ የሚገኝ ርስት ነው።

ወይዘሮ ስኮት ፈረሳቸውን መሰናክል አስተማሩት፤ በ1934ም የአሜሪካን ግራንድ ናሽናል አሸነፈላቸው። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ልከው ለሬጅ ሆብስ ሰጡት። ዓላማቸው ኤይንትሪ ነበር። ሬጅ ግን ፈረሱን አይቶ ሐሳቡ አልጣመውም። ኤይንትሪ ለትልልቅ ፈረሶች የተሠራ ሜዳ ነው፤ ይህ ትንሽ ፈረስ አጥሩን ቢያልፍ እንኳ ዝቅ ወዳለው መሬት ሲወርድ በአፍንጫው ይተከላል የሚል ስጋት ነበረው። ውድድሩ ሲቃረብም ፈረሱን ከዝርዝር ለማስወጣት ባለቤቲቱን ለማሳመን መሞከሩ ይነገራል። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ሌላም አሳሳቢ ነገር ነበር። ባትልሺፕ ያልተኮላሸ ድንጉላ ነው። የመሰናክል ፈረሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተኮላሹ ናቸው፤ ድንጉላ ልቡ ስለሚበታተንና ሆዱን አጥር ላይ መፋቅ ስለሚፈራ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ከባትልሺፕ ወዲህ ግራንድ ናሽናልን ያሸነፈ ድንጉላ የለም።

ሬጅ ሆብስ የተጠበበበት ነገር ቢኖር ዛቡ ነው። ፈረስ ዝቅ ወዳለ መሬት ሲያርፍ አንገቱንና ራሱን ወደ ታች ይጥላል። ዛቡ አጭር ከሆነ ጋላቢውን ይዞት ይሄዳል፤ በጋማው ላይ አሳልፎ መሬት ያገኘዋል። ስለዚህ ጋላቢው ሲያርፍ ወደ ኋላ እስከ ፈረሱ ጀርባ ድረስ መለጠጥና ዛቡን በጣቶቹ መካከል እያሾለከ መልቀቅ አለበት። አጭር አንገት ባለው ፈረስ ላይ ረጅም ልጅ ሲቀመጥ ለዚህ የሚበቃ ዛብ አይኖርም። ሬጅ ከተለመደው ዛብ ላይ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስጨመረበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በዚያ ቀን ልጁን ኮርቻው ላይ ካቆዩት ሁለት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ውድድሩ የተካሄደው ዓርብ፣ ማርች 25 ቀን 1938 ነው። ተወዳዳሪዎቹ 36 ፈረሶች ነበሩ። ባትልሺፕ 11 ዓመቱ ነው፤ አወራራጆቹም ለአንድ ፓውንድ አርባ ፓውንድ ሊከፍሉበት ተዘጋጅተዋል፤ ማለትም ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ሰው ጥቂት ነበር። የተጫነበትም ክብደት ቀላል አይደለም። ግራንድ ናሽናል ፈረሶች ሁሉ እኩል ዕድል እንዲያገኙ ክብደት እየተመጠነ የሚሰጥበት ውድድር ነው፤ ያሸነፈ ፈረስ ክብደት ይጨመርበታል፣ ደካማው ይቀነስለታል፤ የጎደለው ኮርቻው ሥር በሚቀመጥ እርሳስ ይሞላል። ባትልሺፕ ጋላቢውንና ኮርቻውን ጨምሮ 72 ኪሎ ተኩል ገደማ ተሸክሞ ነበር። ከሱ እጅግ የሚበልጡ ፈረሶች ከዚያ ያነሰ ይዘው ቆመዋል።

ፈረሱ ሬጅ የፈራውን አደረገ፤ መሰናክሎቹን ሲያርፍ አፍንጫው ሣሩን እየነካ ደሙ ይፈስስ ነበር። ነገር ግን አልወደቀም። ትንሽነቱ ጥቅምም ነበረው፤ ሌሎቹ ሲወድቁ በመካከላቸው እንደ ድመት ይሾልካል። ሆብስ ግን አንድ ጊዜ ሊሄድ ነበር። ባትልሺፕ ከአንድ መሰናክል ሲያርፍ ክፉኛ ተደናቀፈና ልጁ ከኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ፕሮቮካቲቭ በተባለ ፈረስ አጠገቡ ይጋልብ የነበረው ፍሬድ ሪሜል እጁን ዘርግቶ ያዘውና ወደ ኮርቻው መለሰው። በእሽቅድምድም ላይ ያለ ሰው ተቀናቃኙን ከውድቀት ማዳኑ በሌላ ስፖርት ሞኝነት ይባል ይሆናል፤ የመሰናክል ጋላቢዎች ግን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያደርጉታል፤ የሚወድቅበት ቀን ለሁሉም እንደሚደርስ ያውቃሉና። ሪሜል በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ አራት የግራንድ ናሽናል አሸናፊ ፈረሶችን ለማውጣት በቅቷል። በጋላቢነቱ ግን ይህን ውድድር አሸንፎ አያውቅም።

ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ፉክክሩ በሁለት ፈረሶች መካከል ቀረ። የአየርላንዱ ሮያል ዳንየሊ ትልቅ፣ ጉልበታም ፈረስ ሲሆን ጋላቢው ዳን ሙር ነው። ባትልሺፕ ከመጨረሻዎቹ መሰናክሎች በአንዱ ላይ ተሳስቶ ርቀት ስላባከነ፣ የመጨረሻውን አጥር ሲዘሉ አየርላንዳዊው ይመራ ነበር። ሆብስ እዚህ ላይ ከዕድሜው በላይ የሆነ ውሳኔ ወሰነ። ሙርን በቀጥታ ከኋላው ከመከተል ይልቅ ፈረሱን ወደ ተመልካቾቹ በኩል አውጥቶ፣ በሜዳው ስፋት ርቆ ብቻውን አስሮጠው። የኋላው ሰው ብዙ ጊዜ ድምፁ ሲሰማ የፊተኛው ፈረስ ይነቃል፤ ከሩቅ የሚመጣውን ግን ላያውቀው ይችላል። ሁለቱ ፈረሶች በሜዳው ግራና ቀኝ ሆነው መስመሩን አንድ ላይ የደረሱ መሰሉ።

ያን ጊዜ በብሪታንያ የፍጻሜ መስመር ካሜራ አልነበረም፤ ካሜራ የመጣው በ1947 ነው። ዳኛው በዓይኑ አይቶ የሚፈርደው ብቻ ነበር የመጨረሻው ቃል። ፈረሶቹ ተራርቀው ስለሮጡ ከተመልካች መካከል ማን እንደቀደመ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። የባትልሺፕ ቁጥር ወጣ፤ ያሸነፈውም በፈረስ ራስ ርዝመት ብቻ ነው ተባለ። ጊዜው 9 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነበር። ዎርክማን የተባለው ፈረስ እጅግ ርቆ ሦስተኛ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት ግን ያንኑ ውድድር አሸነፈ። ለወይዘሮ ስኮት ፈረስ ይህ ልዩ ድል ነበር፤ ከዚያ በፊት አሜሪካ የተወለደ ፈረስ አሸንፎ ያውቃል፣ የአሜሪካዊ ንብረት የሆነም አሸንፏል፤ በአሜሪካ ተወልዶ የአሜሪካዊ ንብረት የሆነ ሲያሸንፍ ግን የመጀመሪያው ባትልሺፕ ነው። ፈረሱ ወዲያው ከውድድር ተሰናብቶ ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰ፤ በ1958 እስኪሞት ድረስም እየደቀለ ኖረ፤ ከልጆቹም በመሰናክል የታወቁ ወጡ።

ተሸናፊው ዳን ሙር ለዚህ ነገር ካሣ ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ በ1975 ያሠለጠነው ሌስካርጎ የተባለ ፈረስ ግራንድ ናሽናልን አሸነፈለት።

ሆብስ ከኤይንትሪ በኋላ አላረፈም። በዚያው ዓመት ካርዲፍ አጠገብ በነበረው የኢሊ ሜዳ ቲምበር ዎልፍን ጋልቦ የዌልስን ግራንድ ናሽናል አሸነፈ። ኢሊ በተከታዩ ዓመት ተዘግቷል፤ ውድድሩ ዛሬ የሚካሄደው ቼፕስቶው ላይ ነው። ከዚያም አትላንቲክን ተሻግሮ በተወለደበት በሎንግ አይላንድ የሲዳርኸርስትን ግራንድ ናሽናል ወሰደ። ሦስት ግራንድ ናሽናል በአንድ ዓመት፣ በሦስት አገር፣ ገና 18 ዓመት ሳይሞላው። ስለ እሽቅድምድም የሚጽፉ ሰዎች ከዘመኑ ትልልቅ ጋላቢዎች ተርታ ያሰለፉት በዚያን ወራት ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ኤይንትሪ ላይ አንድ ጊዜ ማሸነፍ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ በተለያየ ሜዳ፣ በተለያየ ፈረስ ማሸነፍ ግን ዕድል አይደለም።

ከዚያ ዓመቱ ሳያልቅ በቸልተንሃም ሜዳ ወደቀ፤ የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ጉዳት የነበረው ሕክምና ከሞላ ጎደል ሳይንቀሳቀሱ ተኝቶ መጠበቅ ነው። ሆብስ እግሩን አላጣም፤ ወራት ቆጥሮ ተነሣ፤ ጥቂትም ጋለበ። ግን የፊተኛው ልጅ ሆኖ አልተመለሰም።

የመሰናክል ጋላቢ ሙያ እንዲህ ማለቁ ያልተለመደ አይደለም። ከሆብስ በፊት በ1923 ሰርጀንት መርፊን ጋልቦ ግራንድ ናሽናልን ያሸነፈው ቤኔት የተባለ ሻምበል፣ ዓመት ሳይሞላው ወልቨርሃምፕተን ላይ ወድቆ ፈረስ ራሱን መታውና ሞተ። የራስ ቁር ማድረግ ለመሰናክል ጋላቢዎች ግዴታ የሆነው ከሱ ሞት በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን በሆብስ ዘመን የሚያደርጉት ቁር የአገጭ ማሰሪያ የሌለው፣ በቡሽ የተሠራ ስስ ነገር ነበር። ሆብስን ያዳነው ፍሬድ ሪሜል ራሱ የጋላቢነት ዘመኑ በ1947 ያበቃው እዚያው ቸልተንሃም ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ነው። ለተጎዱት የሚደርስላቸው የተደራጀ ነገርም አልነበረም። የተጎዱ ጋላቢዎች መርጃ ገንዘብ የተቋቋመው በ1964 ሲሆን፣ ምክንያቱም ቲም ብሩክሾውና ፓዲ ፋረል የተባሉ ሁለት ጋላቢዎች በጥቂት ወራት ልዩነት ኤይንትሪ ላይ ወድቀው ሽባ መሆናቸው ነው። ሆብስ ከነዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር የታደለ ነው፤ በእግሩ ቆሟል፣ ዕድሜውም ገና ነበር።

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ሆብስ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በሰሜን አፍሪካ ተዋጋ፤ ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ አገኘ፤ እስከ ሻምበልነት ማዕረግም ደረሰ። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ለጋላቢነት ክብደቱ አይፈቅድለትም፤ ግራንድ ናሽናልም በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ተቋርጦ ነበር። ወደ አባቱ ሙያ፣ ወደ ማሠልጠን ዞረ።

ሁለተኛው ሥራው ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ይረዝማል፤ ሰው ግን የሚያውቀው በመጀመሪያው ነው። ከመሰናክል ወጥቶ ወደ ለጥ ሜዳ ተሸጋገረ። ኒውማርኬት በተባለችው የእንግሊዝ የፈረስ ከተማ፣ የንጉሣውያን ቤተሰብ ፈረሶችን ያሠለጥን በነበረው በሴሲል ቦይድ-ሮችፎርት በረት ለዓመታት ረዳት ሆኖ ሠራ። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ በራሱ ስም ፓላስ ሃውስ በተባለው በረት አሠልጣኝ ሆነ። ቤቱ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ለእሽቅድምድም ሲመጡ ያርፉበት ከነበረው ቤተ መንግሥት የተረፈ ነው።

ሆብስ በተለይ የሁለት ዓመት ፈረሶችን በማዘጋጀት ተካነ። የቸቭሊ ፓርክን ውድድር በ1972 በጃሲንት፣ በ1974 በክራይ ኦቭ ትሩዝ አሸነፈ። ስሙ በይበልጥ የተያያዘው ግን ስቲልቪ ከተባለች ባዝራ ልጆች ጋር ነው። ግሪካዊ ባለቤቷ ልጆቿን አንድ በአንድ ወደ ሆብስ ላኳቸው። ታኪፑስ በ1976 ሚድል ፓርክን፣ ትሮሞስ በ1978 ዱኸርስትን አሸነፉ። ሁለቱም ከለንደን በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በዚያችው ኒውማርኬት የሚካሄዱ፣ የሁለት ዓመት ፈረሶች ዋና ፈተና የሆኑ ውድድሮች ናቸው። ሦስተኛው ቲርናቮስ በ1980 የአየርላንድን ደርቢ ወሰደ። አወራራጆቹ ሃያ አምስት እጥፍ የሚከፍሉበት ስለነበር በዚያን ቀን አየርላንድ ውስጥ የተገረመው ብዙ ሰው ነው።

ያላገኘው ነገር ቢኖር የእንግሊዝ ታላላቅ የሦስት ዓመት ፈረሶች ውድድሮች ነው። ጃሲንት በ1973 በአንድ ሺሕ ጊኒ ውድድር ሁለተኛ ወጣች፤ ታኪፑስ በ1977 በሁለት ሺሕ ጊኒ ሁለተኛ ሆነ፤ የስቲልቪ ልጅ ቶልሚም በ1981 እንደገና በአንድ ሺሕ ጊኒ ሁለተኛ ወጣች። ሦስቴ ሁለተኛ መሆን ለአሠልጣኝ መራራ ነገር ነው። የሆብስ በረት ግን ከቁጥር አንጻር ከኒውማርኬት ትልልቆች ያነሰ እንደነበረ መርሳት አይገባም፤ በዚያ ቁጥር ሦስቴ እዚያ ድረስ መጠጋት ራሱ የሙያ ማስረጃ ነው። አንድ ፈረስ በሁለት ዓመቱ እንዲያሸንፍ ማዘጋጀት ፍጥነትን ማውጣት ነው፤ በሦስት ዓመቱ ሜይ ላይ እንዲያሸንፍ ማዘጋጀት ደግሞ ፍጥነቱ ክረምቱን አልፎ እንዲቆይ ማድረግን ይጠይቃል። ሆብስ የመጀመሪያውን ከማንም ባላነሰ ያውቅበት ነበር።

በ1985 ሥራውን አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያን ጊዜ እሽቅድምድሙን ያስተዳድር የነበረው የጆኪ ክለብ አባል ሆነ። ይህ አሠልጣኞች በቀላሉ የማይገቡበት፣ የባላባቶች ማኅበር የነበረ ተቋም ነው። በኖቬምበር 2005 በ84 ዓመቱ ሞተ። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ ግራንድ ናሽናል ሲደርስ ጋዜጠኞች እየደወሉ የሚጠይቁት ስለ ቲርናቮስ ሳይሆን ስለ 1938 ነበር። ከሱ በዕድሜ ያነሰ ጋላቢ ውድድሩን አሸንፎ አያውቅም።

ፓላስ ሃውስ ከሆብስ በኋላ ፈረስ አልሠለጠነበትም። በረቱ ለብዙ ዓመታት ባዶውን ቆይቶ ታደሰ፤ በ2016 የብሪታንያ ብሔራዊ የፈረስ እሽቅድምድም ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።